በ210 የበረራ ሰዓት የሚገዛ ወንበር

የንግድ አብራሪነት ፈቃድዎን በ210 የበረራ ሰዓት ካገኙ በኋላ ሁለት ዕድል እንደቀረበልዎ ጽፈዋል። አንደኛው አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያስፈልገውን ሥልጠናና የመጀመሪያዎቹን 500 የበረራ ሰዓታት ራስዎ ከፍለው በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ መሆን፣ ሁለተኛው በሠለጠኑበት ትምህርት ቤት በአነስተኛ ደመወዝ ማስተማር ነው። ቤተሰብዎ ለመጀመሪያው ቤት አስይዞ ሊበደር ተዘጋጅቷል። እንቅልፍ የነሳዎት ግን አንድ አንጋፋ ካፒቴን «ከጀማሪ ጋር ስበር ብቻዬን እንደምበር እቆጥረዋለሁ» ማለታቸው ነው፤ ለተሳፋሪ አደጋ እንዳይሆኑም ሰግተዋል። መነጽር ማድረግዎና በ29 ዓመት መጀመርዎም አሳስቦዎታል።

እኔን ከእርስዎ ጀማሪነት ይልቅ የካፒቴኑ ንግግር ያሳስበኛል። የጀማሪ እጅ ጥበቃ አለው፦ በአሜሪካ ደንብ መሠረት በሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት 100 ሰዓት ያልሞላው ረዳት አብራሪ፣ አብሮት የሚበረው ካፒቴን ፈታኝ አብራሪ (ሌሎች አብራሪዎችን የሚመዝን) ካልሆነ በቀር፣ የጎን ነፋስ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲያልፍ ወይም መንደርደሪያው በረዶ ሲይዝ ማሳረፍ አይፈቀድለትም። ጥበቃ የሌለው አንደበቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1990 በደረሱና የአብራሪዎች ስሕተት በታየባቸው 37 አደጋዎች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ ከመቶ ከ80 በሚበልጡት አውሮፕላኑን ያበር የነበረው ካፒቴኑ ሲሆን፣ በ31ዱ ደግሞ ሌላው አብራሪ ስሕተቱን ተከታትሎ የማረም ጉድለት ታይቶበታል። በ1978 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ ነዳጅ ጨርሶ በወደቀው የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ካፒቴኑ በማረፊያ ጎማው ችግር ተጠምደው ሳሉ ባልደረቦቻቸው የነዳጁን ነገር አንስተው ነበር፤ ያነሱት ግን በለሆሳስ ስለነበር 10 ሰዎች ሞቱ። ሰዓት ብቻውን ይህን አይፈታም። በ2009 በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አውሮፕላን ወድቆ የ50 ሰዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ አሜሪካ ለረዳት አብራሪዎች በጥቅሉ 1,500 ሰዓት ብትጠይቅም፣ የዚያ በረራ ሁለቱም አብራሪዎች ከዚያ በላይ ነበራቸው።

እንግዲህ ዕዳው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩን በቤተሰብ ቤት የገዛ ሰው፣ ስለ እርሱ ሪፖርት የሚጽፈውን ካፒቴን «ፍጥነታችን በዝቷል፣ ማረፉን ትተን እንነሣ» ለማለት አፉ ይያዛል። 500ው ሰዓት ሲያልቅም ኩባንያው እርስዎን በሥራ ለማቆየት ምክንያት የለውም፤ ቀጣዩ ከፋይ ደጅ ላይ ቆሟል። ለወላጆችዎ በግልጽ ይንገሯቸው፦ ይህ ብድር ሥራ አይገዛም፣ ለሥራ ሰጪው ነፃ ጉልበትና ተጨማሪ ገቢ ነው። «ይህን ሁሉ ከፍለን አስተማሪ ልትሆን ነው?» ማለታቸውም ሙያውን ካለማወቅ የመጣ ነው። አስተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የሌላ ሰው እጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ መቼ እንደሚናገር፣ መቼ መሪውን እንደሚቀበል መወሰን ነው፤ የረዳት አብራሪ ዋና ሥራም ይኸው ነው። እኔም ወደ ቀኙ፣ ማለትም ወደ ረዳት አብራሪው፣ ወንበር የደረስኩት በማስተማር ስለሆነ ለዚህ መንገድ ማድላቴን ከግምት ያስገቡ። ደመወዙ ማነሱ እውነት ነው፣ ለጥቂት ዓመታትም ያስቸግራል።

ይህን ስል ግን 210 ሰዓት ለኮክፒት አይበቃም ማለቴ አይደለም። ሥልጠናውን በራሱ ወጪ የሚሸፍን አየር መንገድ ነገ ቢቀበልዎ ሳያመነቱ ይሂዱ። ሲሄዱም በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሦስተኛ አብራሪ ከኋላ ይቀመጥ እንደሆነ፣ ረዳት አብራሪው «እንነሣ» ሲል ካፒቴኑ የመታዘዝ ግዴታ ይኖርበት እንደሆነ ይጠይቁ።

መነጽርዎ ዕይታዎን እስካስተካከለ ድረስ ለሕክምና ፈቃድ እንቅፋት አይሆንም። በ29 ዓመት መጀመርም አልዘገየም፣ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ የዕድሜ ጣሪያው 65 ነው። የአስተማሪነቱ ቦታ ምላሽ የሚጠበቅበት በዚህ ወር መጨረሻ ስለሆነ፣ የብድሩን ውል ሳይፈርሙ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ይመልሱ።