የጻፍከውን አንብብልኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር፣ ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት ልጅ ዘንድ ጋቢዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። በቀደም የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ዱካ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን ሰጠኝ። የኔፓል ፓርላማ ሲነድ ያሳያል። «ጋሼ፣ በሁለት ቀን እኮ ነው ያወረዱት!» አለኝ። እሱ ራሱ ያወረደ ይመስል ፊቱ በርቷል። ነገሩን እኔም ተከታትዬዋለሁ። መንግሥት 26 የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮችን ዘጋ፤ ልጆቹ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 አደባባይ ወጡ፤ በዚያው ቀን 19 ሰው ተገደለ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሊ ሥልጣን ለቀቁ። «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እኮ ነዷል፣ ከነመዝገቡ» ብዬ ብነግረው «መዝገብ ምን ያደርጋል ጋሼ?» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ጠየቀኝ፦ «ለመሆኑ እርስዎ በስልሳ ስድስቱ ጊዜ ምን ነበሩ?»

«ጸሐፊ» አልኩት።

ሳቀ። ታጋይ ወይም እስረኛ የምለው መስሎት ነበር። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እሱን የመሰላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እናንተም አንብቡት።

ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። የስልሳ ስድስቱን ነገር ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ጥር ላይ የነገሌ ቦረና ወታደሮች ምግቡም ውሃውም ቢከፋባቸው አመፁ፤ የካቲት ላይ ቤንዚን ቢወደድ ታክሲ ነጂው ሥራ አቆመ፤ መምህራኑ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ አንቀበልም አሉ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ቮልስዋገኗን የረሳ ተማሪ ግማሽ ማርክ እቀንስበት ነበር። እኔ ራሴ የሠራሁትን ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ተናግሬ አላውቅም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እያለሁ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ወደ 60,000 የምንሆን ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰን ወደ ገጠር ወጣን። እኔ የደረሰኝ መንዝ ነው። ከጣርማበር ወዲያ ያለውን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ዘማች ነበረች፤ በሦስተኛው ቀን ካኪዋን በባና ጠቅልላ «አብዮቱ ይቅርብኝ፣ እሳት ስጡኝ» እያለች ታስቀን ነበር። ከሁላችንም ቀድማ ጥጥ መፍተል የለመደችው እሷ ናት። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

መፈክራችን «መሬት ለአራሹ» ነበር። ደቡብ ላይ፣ ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውንና ከዚያም በላይ ለባለመሬት በሚያስረክብበት አገር፣ ይህ ቃል ደም ያሞቅ ነበር። መንዝ ግን ያኔ አጽመ ርስት ነበር። ገበሬው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻውን ያርስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር እኛ ጨፈርን። የቤቱ አባወራ የገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ «መሬቱማ የአራሹ ነው፤ ከማን ነጥቃችሁ ለማን ልትሰጡን ነው?» አለን። «ንቃተ ኅሊናው ዝቅተኛ ነው» ብለን ማስታወሻ ያዝንበት።

ፊውዳል መገኘት ነበረበት፤ ፈለግን። በመጨረሻ ጓሳውን አገኘን።

ጓሳ ሄዳችሁ የምታውቁ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፎቶ አንስታችሁ ተመልሳችኋል። ለእኔ ጓሳ ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ልጆች የሚባሉት፣ ይህን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት በሥርዓት ጠብቀውታል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲደርስ በበጋ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ባለድርሻው ሁሉ ያጭድ ነበር። በተዘጋ ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ወዮለት። ይህን የሚያስከብር፣ ሕዝቡ የመረጠው ሰው ነበር። እኛ በነበርንበት በኩል ይህን ሥራ የሚሠሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቻቸው መሐል ሜዳ ከተማ አሉ።

ሚያዝያ ላይ የገበሬ ማኅበር ለማቋቋም ስብሰባ ጠራን። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ጸሐፊ ያደረጉኝ እኔን ነው። መሪያችን ተነሥቶ «ጨቋኞቻችሁን ንገሩን» አለ። ዝም። «እሺ፣ ሣሩን እንዳታጭዱ ማነው የሚከለክላችሁ?» ከኋላ አንድ ጎረምሳ የሽማግሌውን ስም ጠራ፤ ሰዉ ሳቀ። ለቀልድ ነው የጠራው። ሽማግሌውም አብረው ሳቁ። እኔ ጻፍኩ። በካርቦን ሦስት ቅጂ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ስም። «መደብ» የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ መሪያችንን ቀና ብዬ አየሁት። «ባላባት በል፣ አድሃሪ» አለኝ። ያኔ በመንዝ የሸፈቱ ስለነበሩ «አድሃሪ» ተራ ስድብ አልነበረም። ጨቅላ ነበርኩ እንዳልል ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ የተረሸኑትን ወደ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ስም ሬዲዮ ሲያነብ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስም ወረቀት ላይ ከሰፈረ የት እንደሚያደርስ አውቅ ነበር። «አድሃሪ» ብዬም አሳምሬ ጻፍኩት።

ማታ ዝናብ መጣ። ሽማግሌው ገሳቸውን ደርበው ያደርንበት ቤት ደጃፍ ቆሙ። ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። እኔን ለይተው ጠሩኝና «ልጄ፣ ስለ እኔ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉኝ። ማንበብ አይችሉም ነበር። ወረቀቱን አወጣሁ። ፋኖሱን የያዝኩት በግራ እጄ እንደነበር እንኳ አስታውሳለሁ። ስማቸውን አነበብኩ፣ የአባታቸውን ስም አነበብኩ፣ ዓምዱ ላይ ስደርስ «የጓሳ ጠባቂ» ብዬ አነበብኩላቸው።

«ደህና ጽፈሃል። እግዜር ይስጥህ» ብለው ሄዱ። ከገሳቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ደጃፉን አረጠበው።

ልጆቼ፣ ወረቀቱ ወደ ከተማ የተላከው በማግስቱ አይደለም። ዶፍ ስለነበር በቅሎው ሁለት ሌሊት ዘገየ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ አደረ፤ ቦርሳዬ ደግሞ ትራሴ ነበር። አንዲት መስመር መሰረዝ ነበር የሚፈልገው። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አይቀበሉም» ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በሰኔ መጥተው ወሰዷቸው። ስምንት ወር ታስረው ወጡ። በሕይወት መመለሳቸው በዚያ ዘመን እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው፤ እኔ ግን በዚህ ተጽናንቼ አላውቅም።

ጓሳውም ጠባቂ አጣ። አዋጁ አጽመ ርስቱን ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ፤ የደረሰ ያልደረሰውን ሁሉ ማጭድ ገባበት። እዚህ ላይ ግን ራሴን ልቃወም። ዘሯን ከአቅኚዎቹ መቁጠር የማትችል አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። በዚያ ሥርዓት ከሣሩ ድርሻ አልነበራትም። የመጀመሪያውን ነዶ ተሸክማ ስትመለስ እልል ስትል አይቻለሁ። ያ እልልታ ውሸት አልነበረም። አብዮቱ ለማን መጣ ብትሉኝ ለእሷ መጥቷል እላለሁ። ሣሩን ማን ጨረሰው ብትሉኝ ደግሞ እኛው። ሁለቱን አስታርቄ መናገር አልችልበትም።

ወላጅ አክብሩ፣ ሥራ አትናቁ የሚለውን እናቶቻችሁ ስለነገሯችሁ አልደግመውም። ስለ ዛሬው የራሳችን ነገር እንድጽፍ የሚጠብቅ ካለም አልጽፍም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ስለ ሌላው ዓለም ግን ትንሽ ላውራ፤ እናንተ የምታዩት ቪዲዮ ሁልጊዜ በሩ ሲሰበር ያልቃልና።

ፖርቱጋሎች አብዮታቸውን ያፈነዱት በእኛው ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1974። የጀመሩትም እንደኛው ወታደሮች ናቸው፤ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ ቢሳው ጦርነት የሰለቹ መኮንኖች። ሕዝቡ በጠብመንጃቸው አፈሙዝ አበባ ሰካላቸው። በዓመቱ፣ በዚያው ኤፕሪል 25፣ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ለመምረጥ ከመራጩ ከመቶ ዘጠና በላዩ ድምፅ ሰጠ። በመካከሉ መፈንቅለ መንግሥት እስከ መሞከር ደርሰዋል፤ ምርጫውን ግን በተባለው ቀን አደረጉት። እኛ በዚያው ዓመት ኤፕሪል መንዝ ላይ ስም እንጽፍ ነበር። ግብፆችም እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሬዚዳንታቸውን ሙባረክን በ18 ቀን አወረዱ። አደባባዩን የሞሉት ወጣቶች ግን በማግስቱ ድርጅት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሠራዊቱና የሙስሊም ወንድማማቾች ናቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ በጁላይ 2013 ሠራዊቱ ብቻውን ቀረ። የኔፓሎቹ ልጆች ዲስኮርድ በሚባል የኢንተርኔት መወያያ ተወያይተው የቀድሞዋን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪን ለጊዜያዊ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲያጩ ያደነቅኩት ለዚህ ነው። ቢያንስ «ነገ ማን?» ብለው ጠይቀዋል። ያቃጠሉትን መዝገብ ግን ይቅር አልላቸውም።

የባንግላዴሹን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1971 ለነፃነት የተዋጉ ሰዎች ስም ተመዘገበ፤ ተገቢ ነው። የመንግሥት ሥራ 30 በመቶ ኮታ ተሰጣቸው፤ ኮታው ለልጆቻቸው፣ ከዚያም ለልጅ ልጆቻቸው ተላለፈ። በ2024 ሥራ ያጡ ተማሪዎች በአያት መዝገብ ሥራ መታደሉ ይብቃ ብለው ወጡ። ብዙ መቶ ሰው ሞተ፤ ኦገስት 5 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሼክ ሐሲና በሄሊኮፕተር ሸሹ። የጀግና ስም ዝርዝርም ቢሆን ሲቆይ እንዲህ ይሆናል።

ከሁሉም የምቀናው በምሥራቅ ጀርመኖች ነው። የበርሊን ግንብ ከወደቀ በኋላ ስታዚ የሚባለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰዎች ፋይል መቅደድና ማቃጠል ጀመሩ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 በርሊን ውስጥ የስታዚን ዋና ቢሮ ጥሶ ሲገባ ጥያቄው ወረቀቱ አይጥፋ የሚል ነበር። ከ1992 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ቀርቦ ስለ እሱ የተጻፈውን ማንበብ ቻለ። ማን እንደጻፈበትም አወቀ፤ ጓደኛውን፣ ጎረቤቱን፣ አንዳንዱም የትዳር ጓደኛውን አገኘ። ትዳር ፈርሶበታል። ተማሪ ስለዚህ ሲጠይቀኝ «ባያነቡት አይሻልም ነበር?» ይለኛል። አይሻልም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ፣ ከእኛ ታነባላችሁ ግን አልልም። እኛ ቢያንስ ያልገባንን መጽሐፍ ተሸክመን እንዞር ነበር። እናንተ ካርቦንም በቅሎም አያሻችሁም፤ የሰው ፎቶ ላይ «ባንዳ» ብላችሁ ጽፋችሁ ቡናችሁ ሳይበርድ አገር ያዳርሳል። ሁለት ሌሊት ትራስ ሥር የሚያድርበት ጊዜ እንኳ የለውም። ሰው ስትጽፉ፣ እሱ ራሱ ፊታችሁ ቆሞ «አንብብልኝ» ቢላችሁ ቃል ሳትለውጡ ማንበብ የምትችሉትን ብቻ ጻፉ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ምክር የለም።

በሰባዎቹ አጋማሽ አስተማሪ ሆኜ መሐል ሜዳ ተመደብኩ። ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ፤ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። ያውቁኝ አያውቁኝ ሳልለይ ወራት አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጠብቀው «አስተማሪ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጄ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አሉኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጻፍኩላቸው። ስለ በጎቹ፣ ስለ ገብሱ፣ ክዳኑ እንዳፈሰሰና የሚከድኑበት ጓሳ እንዳጡ። ስጨርስ «እስቲ አንብብልኝ» አሉ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አንዲት ቃል ሳልለውጥ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት፣ እግዜር ይስጥህ አሉኝ። ከዚያ በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጠሩና ወረቀቱን ዘርግተው ሰጡት።

«ና ማሙሽ፣ ምን ይላል? ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብልኝ።»

ልጁ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።