«ትንፋሽሽን አትያዢ» ስትልሽ ምን ማለቷ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ለፋሲካ ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ ኃላፊሽ «ዶንት ሆልድ ዩር ብሬዝ» ብላ በቴክስት መለሰችልሽ። አንቺም ቃል በቃል «ትንፋሽሽን አትያዢ» ብለሽ ተረጎምሽውና «አይዞሽ፣ አትጨነቂ ማለቷ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽ። እንዲህ ያሉ አባባሎችን ማን ለማን እንደሚላቸውም ማወቅ ፈልገሻል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አይዞሽ ማለቷ አይደለም። «ብዙም ተስፋ አታድርጊ» ነው ያለችሽ። ትንፋሽሽን ይዘሽ ብትጠብቂ ፈቃዱ ሳይመጣ ታፍነሽ ታልቂያለሽ እንደማለት ነው። በሩን ግን ጥርቅም አድርጋ አልዘጋችውም። ምን ብለሽ እንደምትመልሺላት መጨረሻ ላይ እጽፍልሻለሁ።

እኔ እዚህ ለንደን በሕክምና አስተርጓሚነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። «ይሆናል»፣ «አይሆንም»፣ «ይጠብባል» ሲባል መዋል ነው ሥራዬ። ተሳስቼም አውቃለሁ። አንዱን ስህተቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ወጣት ሥራ ቦታው እጁ ተጎድቶ ከእናቱ ጋር መጥቷል። ዶክተሩ «ዓይንህን ጨፍን» አለውና ጣቶቹን አንድ በአንድ በቀጭን ነገር ነካ ነካ አደረጋቸው። አውራ ጣቱ ላይ ልጁ «አዎ» አለ። ጠቋሚው ላይም «አዎ»። ቀለበት ጣቱ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ትንሿ ጣት ላይም ዝም። ዶክተሩ ወደ እናትየው ዞረና ስለ ሁለቱ ጣቶች «ዜር ኢዝ ሊትል ሆፕ» አለ። እኔም ቀበል አድርጌ «ትንሽ ተስፋ አለ» አልኳቸው። የእናትየው ፊት በራ። «ተመስገን!» ብለው ተነሡና የዶክተሩን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ዶክተሩ ደንግጦ እኔን አየኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ሊትል ሆፕ» ማለት ተስፋው አለ ከማለት የለም ማለት ይቀለዋል ማለት ነው። «ኤ ሊትል ሆፕ» ቢል ኖሮ የእኔ ትርጉም ልክ ነበር። ልዩነቷ ያቺ «ኤ» ናት። አማርኛችን እንዲህ ያለች ቃል ስለሌለው ጆሯችን ዘሏት ያልፋል። እናትየውን ወንበራቸው ላይ መልሼ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ያሉት ተስፋው የመነመነ ነው» አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ ያዙ። ልጃቸው ደህና በሆነው እጁ ትከሻቸውን አቀፋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ «ሊትል» ወይም «ፊው» የሚል ቃል ስሰማ ከፊቱ «ኤ» መኖር አለመኖሯን ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። «ኤ ፊው ፒፕል» ካሉ ጥቂት ሰዎች አሉ ነው። «ፊው ፒፕል» ካሉ ደግሞ ሰው የለም ማለት ምንም አልቀራቸውም።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ዳውት» ነው። አማርኛ «ጠረጠረ» እና «ተጠራጠረ» የሚሉትን ከአንድ ሥር ነው የሚያወጣቸው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስንናገር ሁለቱን እናምታታለን። የእንግሊዝኛዎቹ ግን አቅጣጫቸው ለየቅል ነው። «አይ ሰስፔክት» ካልሽ ሳይሆን አይቀርም እያልሽ ነው። «አይ ዳውት» ካልሽ ደግሞ አይመስለኝም እያልሽ ነው። የምትሠሪው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ይህን አጥብቀሽ ያዢው። የአንድ አዛውንት ሰዓት ጠፋ እንበል። ኃላፊዋ ስለ ባልደረባሽ ጠየቀችሽ። «አይ ዳውት ሺ ቱክ ኢት» ብትዪ የወሰደችው አይመስለኝም ብለሽ ቆምሽላት። «አይ ሰስፔክት ሺ ቱክ ኢት» ብትዪ ሌባ አደረግሻት። በአማርኛ አስበሽ «እጠራጠራለሁ» ልትዪ ስትይ የሰው እንጀራ ልትዘጊ ትችያለሽ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲፈጠር በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷን ለማዳን ሁለት ደብዳቤ ነው የጻፍነው።

ደስ የሚለው ደግሞ «አይ ዶንት ቲንክ» ከእኛው አነጋገር ጋር መግጠሙ ነው። እኛም «የሚመጣ አይመስለኝም» ነው የምንለው። አሉታውን «መሰለኝ» ላይ እንጭነዋለን። እነሱም «አይ ዶንት ቲንክ ሂል ካም» ይላሉ። የምትጠራጠሪውን ሁሉ በዚህ ብትናገሪ ማንም አይቀየምሽም። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህቺን ነው።

«አንላይክሊ» የምትለዋ ቃል፣ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው ማለት ናት፣ ጨዋ ናት፤ ለኃላፊም ለሐኪምም ትሆናለች። ልኳ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት ፓነል በሪፖርቶቹ «አንላይክሊ» ሲል ከ0 እስከ 33 በመቶ ማለቱ እንደሆነ ወስኖ አስቀምጧል። ቢበዛ ከሦስት አንድ መሆኑ ነው፤ ቀላል አይደለም። «ቬሪ አንላይክሊ» ካለ ከ10 በመቶ አይበልጥም። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀትም ገልጠሽ እያት። የጎንዮሽ ጉዳቱ «ሬር»፣ ማለትም ብዙም የማያጋጥም ነው ከተባለ ቢበዛ ከ1,000 ሰው 1 ሰው ላይ ይደርሳል። «ቬሪ ሬር» ከሆነ ከ10,000 ሰው 1 ሰው ላይ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ሐኪም ግን አፉ ላይ የመጣለትን ነው የሚናገረው። ስለዚህ እኔ ዶክተር «አንላይክሊ» ሲለኝ ዝም ብዬ አልተረጉምም። «ከመቶ ስንት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ 30 ይላል፤ አንዳንዱ 2። በሽተኛው ኦፕራሲዮን ልሁን አልሁን ብሎ የሚወስነው በዚያች ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሹፈቶቹ ልምጣ። «ፒግስ ማይት ፍላይ» ሲሉ ትሰሚያለሽ። አሳማም ይበር ይሆናል ነው ቃሉ። የእኛ አራዶች «ወፍ የለም!» እንደሚሉት ነው። «ፋት ቻንስ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። «ፋት» ወፍራም ስለሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው ብለሽ እንዳትደሰቺ። ትርጉሙ ከ«ስሊም ቻንስ» (ቀጭን ዕድል) ጋር አንድ ነው፤ ዕድሉ የለም ማለት ይቀላል። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው። «ስሊም ቻንስ» ሐኪም ለበሽተኛ የሚለው ነው፤ ቁም ነገር ነው። «ፋት ቻንስ» የጓደኛ ለጓደኛ ነው፤ ያላግጣል። አንቺ እነዚህን ተረጃቸው እንጂ ለኃላፊሽ አትመልሻቸው። «በሕልምሽ ነው» እንዳልሻት ትቆጥረዋለች። ለምትንከባከቢያቸው አዛውንቶችም አይሆንም። ልጃቸው እሑድ ይመጣ እንደሆነ ሲጠይቁሽ የሚገባቸው ለስለስ ያለ ቃል ነው።

«ወንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ግን አይሆንም ማለት አይደለም። ከስንት አንዴ ማለት ነው። ብሉ ሙን የሚሉት በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሙሉ የሆነችውን ጨረቃ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 31 ቀን 2023 ታይታ ነበር፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2015 መሆኑ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ2 ዓመት ተኩል ወይም በ3 ዓመት አንዴ ትመጣለች። የእኛ ወር 30 ቀን ብቻ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ ከሙላት እስከ ሙላት 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ስለዚህ በእኛ ቢቆጠር ይበልጥ ብርቅ ትሆን ነበር። ይህ ሁሌ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «አይቻልም» ማለት ይቀናናል። ያንን «ኢምፖሲብል» ብለን እንተረጉመዋለን። ኃላፊሽ «ቅዳሜ ትገቢያለሽ?» ስትልሽ «ኢምፖሲብል» ካልሽ ፊቷ ላይ በር እንደዘጋሽባት ነው የምታየው። «አይ ዳውት አይ ካን» በያት። መልእክቱ ያው ነው፤ ቅያሜ ግን አያመጣም።

አሁን ወደ ፋሲካሽ። «ሎንግ ሾት» የምትል ቃል አለች፤ የምትረዳሽ እሷ ናት። ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ግን ይሞከር ማለት ናት። «ስሊም ቻንስ» ውስጥ ያ «ይሞከር» የለም። ኃላፊሽ የነገረችሽን እንደተረዳሽ ታሳያለች፤ ደግሞም ተስፋ አልቆረጥሽም። የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእነሱ በኋላ ስለሚውል የምትሰጫት ነገርም አለሽ። ሦስቱን ቀን ወደ አንድ አውርጂና እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦

«አይ ኖው ኢትስ ኤ ሎንግ ሾት፣ በት ኩድ አይ ሃቭ ጀስት ዘ ሰንዴይ ኦፍ? አይ ካን ወርክ ዩር ኢስተር ሰንዴይ ኢንስቴድ።»

ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እሑዷን ብቻ ትፈቅጂልኝ? በእናንተ ፋሲካ እሑድ እኔ እገባለሁ ነው የምትያት። ዛሬውኑ ላኪላት፤ የዚያን ሳምንት ፕሮግራም ሳታወጣው ይድረሳት።