ጌም አስለቀሰኝ፣ ይሄ ከእግዚአብሔር ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ኖት፣ ከሀዋሳ ነኝ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን ጌም ጨርሼ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ፣ ስለ ሞት እንደዛ አስቤ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር ስብከት እንኳን እንዲህ አልነካኝም። በብር የተኳረፍነው ታላቅ ወንድሜም ትዝ አለኝ። የሰንበት ት/ቤት ጓደኞቼ ግን ጌም ሁሉ የሰይጣን ነው ይላሉ። እርሶስ?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን ወንድሜ። ጓደኞችህ ላንተ ፈርተው ነው አትቀየማቸው፣ ግን ታሪክ ልብ አይነካም ብዬ አልዋሽህም። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ወስዶ በሰላም ሲኖር ነቢዩ ናታን የመጣው አንድ ሀብታም የአንድን ድሃ ብቸኛ በግ የወሰደበትን ታሪክ ይዞ ነው (2ኛ ሳሙ 12)። ስለዚህ ታሪክ ልብን ያነቃል ወይ ካልከኝ አዎ ያነቃል።

እኔ ብዙ ልጆች ላይ ያየሁት ስህተት ሌላ ነው። በጌምም በፊልምም በመዝሙርም ቢሆን ልቤ ተነካ ማለት ተለወጥኩ ማለት ይመስላቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ ቀለል ይላቸዋል፣ በቃ እዛው ይቀራል፣ በሳምንቱ ደሞ ሌላ የሚያስለቅስ ይፈልጋሉ። ዳዊት እኮ መጀመሪያ የተቆጣው በታሪኩ ሀብታም ላይ ነበር፣ ያ ቁጣ ለብቻው ምንም አልፈየደለትም፣ «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪባልና «እግዚአብሔርን በድያለሁ» እስኪል ድረስ።

ያንተ አርተርም፣ የጌሙ ዋና ሰው፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ዕዳ ለማስከፈል ብሎ በሽተኛ ሰው ሲደበድብ ነው፣ ሰውየውም ሞተ። በኋላ አርተር ሊሞት እንደሆነ ሲያውቅ የሟቹን ሚስትና ልጅ ፈልጎ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ግን ያ ክፍል ግዴታ አይደለም፣ ሳትነካው ጌሙን መጨረስ ትችላለህ! ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ፊት ቆሞ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው (ሉቃ 19፥8)፣ ማልቀሱን ወንጌሉ አልጻፈልንም።

ጥያቄህን ሳነብ እኔን ያስቆመኝ መሃል ላይ ጣል አድርገሃት ያለፍካት የወንድምህ ነገር ናት። በስክሪን ላይ ላለ ሰው ሌሊቱን አልቅሰህ ጠዋት ለእናትህ ልጅ ስልክ ካልደወልክ ያ እንባ ምንህን ነካው? ጠንከር አልኩብህ፣ ስለምወድህ ነው።

ጌሙን ትቀጥል አትቀጥል ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገሩበት፣ ሰዓትህን መብላቱንም ዝርፊያና ግድያ የሞላው መሆኑንም ሳትደብቅ ንገራቸው፣ ታናናሾችህ ፊት ግን በፍጹም አትክፈተው። ከሁሉ በፊት «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» (ማቴ 5፥24)፣ ጥፋቱ የሱ ቢሆንም አንተ ጀምር፣ እሁድ ገብርኤል ለማስቀደስ ከመምጣትህ በፊት ቤቱ ሂድ። አልቀበልም ካለህ ንገረኝ፣ አብረን እንሄዳለን።