ኢንተርንሺፕ እስኪደርስ አትጠብቂ

እህቴ፣ ሀዋሳ ሦስተኛ ዓመት አይቲ እየተማርሽ የሥራ ልምድ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀሻል። ኢንተርንሺፑን (የሥራ ልምምዱን) ልጠብቅ ወይ ብለሻል። አትጠብቂ። ክረምቱ በእጅሽ ነው።

ሁሉም የሚያየው ሶፍትዌር ድርጅት ብቻ ነው። ሀዋሳ ግን የሆቴል ከተማ ናት። ሆቴሎቹ ዋይፋይ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የካሸር ኮምፒውተር አላቸው። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ትንንሾቹን የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሱቆች ነው። ከዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ ያዢና ሂጂ፤ ከቴክኒሻኑ ጋር ልውጣ በያቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያልሽ የኔትወርክ ኬብሉን ስምንት ሽቦዎች ደርድረሽ ጫፉ ላይ የሚገባውን ኮኔክተር ስትጨምቂ፣ ከዚያ የኬብል መፈተሻው (የቴስተሩ) መብራት ከ1 እስከ 8 ተራ በተራ ሲበራ፣ ክፍል የተማርሽው ያኔ በደንብ ይገባሻል። አንዱ ካልበራ ቆርጦ እንደገና ነው።

ኮድ ይሻለኛል ካልሽ ለሰፈርሽ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ሥሪና ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጪው። ባለሱቁ "ይሄማ አይመችም" ሲልሽ ማስተካከሉ፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም ሰርተፍኬት ይበልጣል።

መጀመሪያ ላይ የትራንስፖርት ብቻ ቢከፍሉሽም ተቀበይ። ለወራት በነፃ ሥሪ የሚልሽን ግን ተይው። ስትጨርሺ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቂ። የሠራሽው ሥራ በዝርዝር ይጻፍበት፤ "ታታሪ ነች" ብቻ አይበቃም።