ሚስቴ ለማጅ ናት፤ ኢንሹራንሴ ላይ ላስጽፋት? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስለ መኪና ኢንሹራንስ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። 16 ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተጋጨ መኪና ሳይ፣ ፎርም ሳስሞላ፣ ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር ኖሬአለሁ። ስለ አረቦን፣ ማለትም ስለ ኢንሹራንሱ ክፍያ፣ ውድነት ትጮሁብኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ከመጣው ጥያቄ አብዛኛው አንድ ነገር ሆነና አረፈው፦ መንዳት እየተማረ ስላለ ባል ወይም ሚስት። በዚሁ እንሂዳ። ስም አልጠራም፣ ሰፈር ብቻ።

ከሆጤ፦ ባለቤቴ መንዳት ልትማር ማሰልጠኛ ገብታለች። መኪናው ቪትዝ ነው፣ በስሜ ነው፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለው። እሁድ እሁድ ጎኗ ተቀምጬ ላለማምዳት አስቤያለሁ። ስሟን ውሉ ላይ ለማስጻፍ ስንት ያስከፍላል?

ስሟን ማስጻፍ አያስፈልግህም፤ ብታስጽፍም ለእሁዱ ልምምድ አይጠቅማትም።

የእኛ አገር የግል መኪና ውል እንደተለመደው የአሽከርካሪ ስም አይዘረዝርም። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ መድን ገቢው፣ ወይም በእሱ ፈቃድ የሚነዳ ሰው፣ ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያገለግል የጸና መንጃ ፈቃድ እስካለው ድረስ። ኢንሹራንሱ ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው፤ ከነጂው የሚጠይቀው መንጃ ነው። ሚስት ነሽ ወይ፣ ጎረቤት ነሽ ወይ አይልም። ስለዚህ ባለቤትህ መንጃዋን ያወጣች ቀን ያንኑ ቪትዝ ይዛ ብትወጣ፣ ውልህ ላይ የተለየ ገደብ ከሌለ፣ ተሸፍናለች። ዛሬ ግን መንጃ የላትም፤ ስለዚህ ዛሬ ስሟ በወርቅ ቀለም ቢጻፍም ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄው፣ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "የሹፌሩን መንጃ ኮፒ አምጡ" ነው።

ጎኗ መቀመጥህ ደግሞ ነገሩን አይለውጠውም። አንተ እዚያ ወንበር ላይ ተሳፋሪ ነህ። ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም እሷ እግር ስር ነው፤ አንተ ያለህ የእጅ ፍሬንና ጩኸት ነው። የማሰልጠኛ መኪና ላይ አሰልጣኙ እግር ስር ሁለተኛ ፍሬን የሚገጠመው እኮ ለዚህ ነው። ለማጅ በሕግ የሚነዳው በዚያ መኪና፣ ከዚያ አሰልጣኝ ጋር ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ እንግሊዝ አገር ነው ያለችው። ባሏ በራሱ ኢንሹራንስ ላይ አስመዝግቧት በራሱ መኪና ነው የተማረችው። ለምን እኛ ጋ አይሆንም?

እውነቷን ነው፤ እዚያ ይቻላል። ግን ስርዓቱ ከታች ጀምሮ ሌላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሰው ትምህርት ሳይጀምር የለማጅ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ለመኪና ከ17 ዓመቱ ጀምሮ መንገድ ላይ በዚያ ፈቃድ ይለማመዳል። መኪናው ላይ ነጭ መደብ ላይ ቀይ ፊደል ያለበት ምልክት ይለጠፋል። ጎኑ የሚቀመጠው ሰው 21 ዓመት የሞላውና ሙሉ መንጃ ካወጣ 3 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። እህትሽ እንግዲህ ያለ መንጃ አልነዳችም፤ የለማጅ መንጃ ነበራት።

ኢንሹራንሱም እዚያ ሰው በስም የሚጻፍበት ነው። ለማጅ ሲጨመር ኩባንያው ዕድሜውን፣ ልምዱን አይቶ ዋጋ ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ለለማጁ ብቻ የተለየ አጭር ውል ይገዛል፤ ለማጁ ቢያጋጭ ባልየው ለዓመታት ያለ ጉዳት ነድቶ ያጠራቀመው ቅናሽ እንዳይነካበት። አንድ የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ፦ ዋናው ነጂ ልጁ ሆኖ ሳለ ርካሽ እንዲሆን አባት "ዋናው ነጂ እኔ ነኝ" ብሎ ከጻፈ ማጭበርበር ይባላል።

የእህትሽን ምክር እንዳለ አምጥተሽ ደሴ ላይ ብትዘሪው አይበቅልም። እዚያ የሚጠየቀው "ስሙ ተጽፏል ወይ" ነው፤ እዚህ "መንጃ አለው ወይ"።

ከቧንቧ ውሃ፦ መንገድ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ብንለማመድስ? ቦሩ ሜዳ ወጣ ብለን።

ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ነው የጠየቀው፤ ቦሩ ሜዳ እሁድ እሁድ ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ። ውሉ ውስጥ ያለው ቅድመ ሁኔታ የነጂው መንጃ እንጂ የቦታው ስፋት አይደለም። ሜዳ ላይ ደግሞ ሰው የሚገጨው "ባዶ ነው" ብሎ ስለሚዝናና ነው፤ በግ አለ፣ እረኛ ልጅ አለ፣ ሣር የሸፈነው ቦይ አለ።

ከሰኞ ገበያ፦ እኔ ያለኝ ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው። ለማጇ ሰው ብትገጭ ለተጎጂው ይከፈላል አይደል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሶስተኛ ወገን፣ ማለትም መኪናህ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ለአንተ ተብሎ ሳይሆን ለተጎጂው ተብሎ ነው። ስለዚህ ሕጉ ተጎጂው በአንተና በኩባንያህ ጭቅጭቅ መሃል ሜዳ ላይ እንዲቀር አይፈልግም። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ወይም ገጭቶ ያመለጠ ሲሆን እንኳ ለተጎጂ የሚደርስ የመድን ፈንድ የተቋቋመው ለዚህ ነው። ነገር ግን ነጂዋ መንጃ ከሌላት፣ ኩባንያው ለተጎጂው የከፈለውን ተመልሶ ከአንተ ሊጠይቅ ይችላል። ተከፈለልኝ ያልከው ብድር ሆኖ ይመጣል።

በዚያ ላይ የሶስተኛ ወገን ካሳ ጣሪያ አለው። ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው የባለቤቱ ዕዳ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ግልጽ ነው፦ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ነጻ የሚያወጣው መኪናው መሰረቁን ማስረዳት ነው። "ሚስቴ ሰረቀችኝ" ብለህ ፍርድ ቤት አትቆምም መቼም።

የራስህን ግቢ በር ወይም የራስህን መኪና ከሆነ የገጨችው፣ ሶስተኛ ወገን አንድ ብር አይከፍልም። ባትላሜራና ቀለም በኪስህ ነው።

ከፒያሳ፦ በግልጽ ልጠይቅዎት ጋሼ። ትንሽ ግጭት ቢያጋጥም "እኔ ነበርኩ የምነዳው" ብል ማን ያውቃል?

በግልጽ ልመልስልህ። በጀማሪነቴ የገጠመኝ ነው። አንድ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰውዬ ክሌም ይዞ መጣ፦ "ዳገት ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ተንሸራቶብኝ ምሰሶ መታሁ።" መኪናውን ለማየት አብሬው ሄድኩ። በሩን ከፍቼ ልገባ ስል ጉልበቴ መሪው ስር ተሰነቀረ፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። እኔ ከሰውዬው በአንድ ክንድ አጭር ነኝ። "ጋሼ፣ እዚህ ወንበር ላይ እንዴት ተቀመጡ?" አልኩ። ዝም። ከዚያ የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋ ፕላን መጣ፤ እዚያ ላይ ነጂ ተብሎ የሚስቱ ስም ተጽፏል። ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል ለካ።

ጉዳቱ የኋላ ፓራውርትና አንድ መብራት ነበር፤ ራሱ ቢያሠራው የወር ደሞዝ አይሞላም። በሐሰት ቃል ምክንያት ግን ክሌሙ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊያድስ ሲመጣም ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ አንቀጽ 667 እና 668 መድን ገቢው ውል ሲገባ እውነቱን እንዲናገር ያስገድዳሉ፣ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ውሉን ያጣል። ክሌም ላይ ለሚነገር ውሸት ደግሞ ውሉ ራሱ የተለየ አንቀጽ አለው። አንብበው፤ አጭር ነው።

ከአራዳ፦ መኪናው በትዳር ያፈራነው ነው። ሊብሬው በባሌ ስም ቢሆንም ግማሹ የኔ ነው። የራሴን ንብረት ለመንዳት ማን ይከለክለኛል?

እታለም፣ ንብረቱ የጋራ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርሽም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በማን ስምም ቢመዘገብ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ግን ባለቤትነትና መንጃ ሁለት ወረቀት ናቸው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ባለቤትም ሲኖትራኩን ያለ መንጃ ቢነዳ እንዳንቺው ነው። እንዲያውም የጋራ ንብረት መሆኑ ለአንቺ የሚያሰጋ ነው፤ ዕዳ ቢመጣ ከጋራው ነው የሚወጣው።

ከኮምቦልቻ፦ የኔ ግልባጭ ነው። መኪናው የኔ፣ ለማጁ ባሌ። ቁልፍ ስከለክለው አኮረፈ።

አብሽሪ፤ ኩርፊያ ያልፋል። ቁልፉን አትስጪው።

ከሮቢት፦ በማሰልጠኛው መኪና እየተማርኩ ባጋጭ እኔ ልከፍል ነው?

የማሰልጠኛው መኪና የራሱ ውል አለው፤ ለማሰልጠኛነት እንደሚውል ተነግሮ የተገባ መሆን አለበት። የግል መኪና ውል ብዙ ጊዜ አጠቃቀሙን ይገድባል፤ ለኪራይ፣ ለውድድር አይሆንም ይላል። መኪናው በግል ስም ተጽፎ ለሥልጠና ከዋለ ነገሩ ይበላሻል። ስትመዘገብ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ኢንሹራንሱ ለማጅ መንዳቱን ያውቃል ወይ? ቢጋጭ ኩባንያው የማይከፍለውን የጉዳቱን የመጀመሪያ ድርሻ፣ ኤክሰስ የምንለውን፣ ማን ይችላል? አንዳንድ ማሰልጠኛ ይህን ተማሪው ላይ ይጥላል። ከፈረምክ በኋላ "አላነበብኩም" አይሠራም።

ከጢጣ፦ ባጃጅ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ፣ መንጃ አለኝ። የሚስቴን ኮሮላ ብይዝ ለማጅ ልባል ነው?

በመንገድ ልምድ ከብዙው የተሻልክ ልትሆን ትችላለህ፤ በወረቀት ግን ለማጅ ነህ። ውሉ "ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚያገለግል" ይላል። የባጃጅ መንጃ ለአውቶሞቢል አያገለግልም። ያላደሰ መንጃም ያው ነው። ዛሬ ማታ ሁላችሁም ከኪስ አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩት፤ ከለማጅ ይልቅ ባላደሰ መንጃ የተመለሰ ክሌም ነው እኔ በብዛት ያየሁት።

ከሆጤ (የመጀመሪያው ጠያቂ ተመልሶ)፦ እሺ፣ መንጃዋን አወጣች እንበል። ያኔስ ምንም አልሠራም?

ትሠራለህ፣ ግን ትንሽ ነው። የመንጃዋን ኮፒ ይዘህ ወደ ኩባንያህ ሂድና "በቅርብ መንጃ ያወጣች ሰው ትነዳዋለች፤ ምን ይለወጣል?" በል። ብዙ ውሎች በዕድሜ ትንሽ ለሆነ ወይም መንጃ ካወጣ ብዙ ላልቆየ ነጂ ኤክሰሱን ከፍ ያደርጋሉ። ለምሳሌ ያህል፦ ጉዳቱ 60,000 ብር ሆኖ የአንተ ድርሻ 10 በመቶ ቢሆን 6,000 ትከፍላለህ፤ ለአዲስ ነጂ እጥፍ ነው ቢል 12,000። ይህ የኔ ምሳሌ ነው፣ ያንተን ቁጥር ውልህ ላይ ታገኘዋለህ። የተለየ ስምምነት ካደረጋችሁ በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ውሉ ላይ በሚጨመር ማሻሻያ፣ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት ይሁን። "ችግር የለውም፣ ያውቁናል" የሚል የቢሮ ሰው በዓመቱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ ታገኘዋለህ።

ያለ ክሌም በመቆየትህ የምታገኘው ቅናሽ ካለ፣ እሷ ብታጋጭም የሚነካው እሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጭረት ሁሉ ክሌም አይደረግም፤ ጋራዥ ጠይቀህ ከኤክሰሱ ጋር አነጻጽር።

ከኩርኩር፦ መኪናው ከሦስት ዓመት በፊት በተገመተበት ዋጋ ነው ያለው። ችግር አለው?

አለው፣ ከለማጁ ጉዳይ ጋር ባይያያዝም። ዛሬ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና 1,000,000 ብሎ የተጻፈ ከሆነ፣ ኩባንያው ግማሹን ነው የተረከበው ሊባል ይችላል፤ የ100,000 ብር ጉዳት 50,000 ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያም ላይ ኤክሰስ ይቀነሳል። ስታድስ ዋጋውን አስተካክል።

ከሐይቅ፦ ግጭት ከደረሰ ምን ያህል ቀን አለኝ?

ወዲያው። ሕጉ ቢበዛ 5 ቀን ይላል፤ ውልህ የሚለውንም እየው። ትራፊክ ሳይመጣ መኪናውን አታንቀሳቅስ፣ ፎቶ አንሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ለማንም ወረቀት አትፈርም።

ከኮምቦልቻ፦ ባለቤቴ መንጃዋን ያወጣችው ባለፈው ወር ነው። እናቷ ደሴ ናቸው፤ ራሷ ነድታ መሄድ ትፈልጋለች። ኢንሹራንሱ ይሸፍናል?

መንጃው ካለ ይሸፍናል። ግን እኔን ከጠየቃችሁ የመጀመሪያዋ መንገድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምታወጣው የሐረጎ ዳገት ባትሆን ደስ ይለኛል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን በዚያች አጭር መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል፣ እጥፋት በእጥፋት ነው፣ ከጂቡቲ መስመር የመጣ የጫነ ከባድ መኪና በአንደኛ ማርሽ ፊታችሁ እያዘገመ ትዕግሥት ያስጨርሳል። መውጣቱ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማታ ስትመለሱ ነው። ቁልቁለቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ተደግፋችሁ አትሂዱ፤ የሚሸት ነገር ከመጣ ፍሬኑ ግሏልና ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፣ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። ክረምት ከሆነ ጠዋት ጉሙ ሐረጎን ይውጠዋል፤ ቁርሳችሁን ኮምቦልቻ ብሉና ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሱ። እናቷም ቡናውን ገና ያኔ ነው የሚያፈሉት።