ጦስኝ ከጠጡ የግፊት ክኒን ይቅር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሞጣ አካባቢ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት ስላለባት ከጤና ጣቢያ አምሎዲፒን ታዞላት ትወስዳለች። ሰሞኑን አንድ ዘመዳችን «ጦስኝ በአይጥ ተሞክሮ ልብን ከግፊት ጉዳት እንደሚጠብቅ ተረጋግጧል» ቢላት ጠዋትና ማታ እያፈላች መጠጣት ጀምራለች። ክኒኑንም ላቁም እያለች ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ክኒኑን አያቁሙ። ሻዩን ግን አልከለክላቸውም።

ዘመድዎ ያሉት ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም። ጦስኝ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ግፊት የመቀነስ ባሕርይ ታይቶበታል። እንዲህ ያለው ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚያግድ ኬሚካል የአይጦቹን ግፊት ለሳምንታት ከፍ በማድረግ ነው። ከፊሎቹ የተክሉን ጭማቂ፣ ከፊሎቹ እንደ ካፕቶፕሪል ያለ የታወቀ የግፊት መድኃኒት፣ ሌሎቹ ውኃ ብቻ ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ልባቸው ወጥቶ ይመዘናል፤ ግድግዳው መወፈሩና ጠባሳ መያዙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ታዲያ ግፊቱ የወረደለት ልብ ባይወፍር አያስገርምም። ተክሉ ራሱ ልብን ጠበቀ ለማለት፣ ግፊቱን እኩል ካወረደ ሌላ መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ ብልጫ ማሳየት አለበት።

የመጠኑ ነገርም አለ። ለአይጥ በኪሎ 400 ሚሊ ግራም ጭማቂ ከተሰጠ፣ የአይጥን መጠን ወደ ሰው በሚቀይረው የተለመደ ስሌት (በክብደት ብቻ ሳይሆን በሰውነት ገጽ ስፋት ነው የሚሰላው) 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 4 ግራም ይመጣል። ይህ ተነጥሮ የደረቀ ጭማቂ እንጂ ቅጠል አይደለም። ሲኒ ውስጥ የገባው ስንት እንደሆነ ማን ለካው?

ከተክል መድኃኒት አይወጣም እያልኩ አይደለም። ሬዘርፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በ1952 ከአንድ የሕንድ ተክል ሥር ተለይቶ ወጥቷል፤ የሚታዘዘው ግን ከ1 ሚሊ ግራም ባነሰ መጠን፣ ተለክቶ ነበር።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ካቆሙት በኋላም ለቀናት ይሠራል። እናትዎ ዛሬ ቢያቆሙና ከሦስት ቀን በኋላ ቢለኩ ግፊታቸው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ጦስኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ «ራሴን አላመመኝም» ብለው ላይለኩ ይችላሉ። ግፊት ሳያሳምም ልብንም ኩላሊትንም ይጎዳል።

ስለዚህ ክኒኑን በሰዓቱ እየወሰዱ፣ ጠዋት ቡናም ጦስኝም ከመቅመሳቸው በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይለኩ፤ ቁጥሩንም በደብተር ይጻፉላቸው። ለጤና ባለሙያው ጦስኝ እንደሚጠጡ ይንገሩት። ግፊቱ በጣም ከወረደና ሲነሡ ካዞራቸው ክኒኑን የሚቀንሰው እሱ ነው። ልባቸው ወፍሮ እንደሆነ ለማወቅም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ወይም አልትራሳውንድ ወደሚሠራ ሆስፒታል እንዲልካቸው ይጠይቁ።

ደግሞ በእኛ አገር ቡናውም ሻዩም በጨው ሲጠጣ አያለሁ፤ የእናትዎ ጦስኝ ጨው አይግባበት።