ከአፍንጫ ሥር የሚወጣው ቢጫ ቅርፊት፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሰሞኑን በድሬ ሙቀቱ በርትቷል፤ የልጆች ፊት ላይ ስለሚወጣው ቁስል የሚጠይቀኝም በዝቷል። ነርስ ነኝ፤ የቻልኩትን ልመልስ።

የ4 ዓመት ልጄ ከአፍንጫው ሥር ቆስሏል። አያቱ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ቀቡት። (እናት፣ ሳቢያን)

እናቴ፣ አያቱን አትቆጪያቸው። ምችም አፍ አካባቢ ስለሚወጣ ያምታታል። እስኪ ቀርበሽ እዪው። መጀመሪያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ከዚያ የደረቀ ማር የመሰለ ቅርፊት ይሠራል። እንዲህ ከሆነ ኢምፔቲጎ የሚባለው ተላላፊ የቆዳ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ሐኪም ይየው። አምጪዎቹ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ያበዛባቸዋል።

ልጆቼን በየቀኑ አጥባለሁ። ከየት መጣ?

ራስሽን አትውቀሺ። ቢምቢ የነከሰውን ወይም እከክ ያለበትን ቦታ ልጁ ሲያክ ቆዳው ይላጣል፤ ባክቴሪያው በዚያ ይገባል። ላቡም ያግዘዋል። ባለፈው አንድ ቤት ገብቼ ሦስት ልጆች በር ላይ በተሰቀለ በአንድ የአባታቸው ሽርጥ ፊታቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሦስቱም አገጫቸው ላይ ወጥቶባቸዋል። ለየልጁ የራሱ ፎጣ ይኑረው፤ ጥፍራቸው ይቆረጥ።

ቅባቱን ከጀመርኩ 3 ቀኔ ነው፤ ለውጥ የለም። (አባት፣ ከዚራ)

ቅርፊቱ ላይ ነው የምትቀባው? እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ከሥር አይደርስም። ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ንከርና ቅርፊቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ሲለሰልስ ቀስ ብለህ ጥረገው፤ በግድ አትላጠው። ከዚያ የታዘዘልህን ሙፒሮሲን ወይም ፉሲዲክ አሲድ በስሱ ቀባ፣ እጅህንም ታጠብ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለ5 ቀን ነው፤ ቶሎ ደረቀ ብለህ አታቋርጥ። ቁስሉ ብዙ ቦታ ከወጣ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። የምትቀባው ከጎረቤት የተዋስከው ቤታሜታዞን የሚባል የማሳከክ ቅባት ከሆነ ደግሞ አደራ፣ አቁመው። ማሳከኩን ቢያስታግስም ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ዝም ቢባል በራሱ አይድንም?

ሊድን ይችላል፤ እስከዚያ ግን ሰፈሩን ያዳርሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ኩላሊት ነው። ቁስሉን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ሳምንታት ቆይቶ ኩላሊት ይቆጣል። ልጁ ጠዋት ዓይኑ ሥር አብጦ ከተነሣ ወይም ሽንቱ ኮካ ከመሰለ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገ አትበሉ።

ትምህርት ቤት መቼ ይመለስ?

መድኃኒት ከጀመረ 2 ቀን ካለፈው፣ ወይም ቁስሉ ደርቆ ከዳነ ይሂድ። ለመምህሯም ንገሯት፤ አጠገቡ የሚቀመጡትን ልጆች ታይልናለች።